ኢንተርኔት ሲጠፋ ችግሩ የት ጋ እንደሆነ በፈተና ማወቅ፦ ከኮምፒውተራችሁ እስከ ዌብሳይቱ ደረጃ በደረጃ

ኔት እምቢ ሲል አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርጋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ይነካካል። ከዚያ ወይ በአጋጣሚ ይመለስለታል፣ ወይ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። ምክንያቱ ስላልታወቀ ግን ነገም ያው ነው።

የሚጎድለው ቅደም ተከተል ነው። ከራሳችሁ ኮምፒውተር ተነሱ፣ ወደ ራውተሩ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ፣ መጨረሻ ላይ ዌብሳይቱ ጋ ድረሱ። ፈተናው መጀመሪያ የወደቀበት ቦታ ላይ ቁሙ። ችግሩ እዚያ ነው። እሱ ሳይስተካከል ከእሱ በኋላ ያሉት ፈተናዎች ቢወድቁ አዲስ ነገር አይነግሯችሁም።

መመሪያው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይዘው በቤት ወይም በትንሽ ቢሮ፣ በፋይበር ወይም ሲም በሚገባበት ራውተር ለሚሠሩ ነው። ማክና ሊኑክስ ላይ የሚለየውን በቦታው እጠቁማለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የእያንዳንዱን ፈተና ውጤትና ሰዓቱን ጻፉ። በኋላ ለቴክኒሻን «የሆነ ነገር ብሎ ነበር» ማለት ማንንም አይረዳም።

ደህና መሆኑን የምታውቁት አጭር የኔትወርክ ኬብል ይኑራችሁ። ዋይፋይን ከጥርጣሬ ለማውጣት ከዚህ የሚሻል የለም። ላፕቶፓችሁ የኬብል መሰኪያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካውን አዳፕተር ተዋሱ።

የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ አጠገባችሁ ይሁን። ለማነጻጸር ያስፈልጋል።

የራውተሩን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ተለጥፏል። የመግቢያ አድራሻው፣ የዋይፋይ ስሙና የይለፍ ቃሉ እዚያ ላይ አለ።

ጥቁሩን መስኮት መክፈት ልመዱ። የዊንዶውስ ቁልፉን እንደያዛችሁ «አር» ፊደልን ተጫኑ። በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና ኢንተር ምቱ። ኮማንድ ፕሮምፕት ይከፈታል። ትዕዛዞቹ ሁሉ የሚተየቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚህ ስማቸውን በአማርኛ እየጻፍኩ ፊደላቸውን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ኢንተር አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ራውተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ አትጫኑ። ሪሴት ማለት ሪስታርት ማለት አይደለም። ሪሴት ስታደርጉ ኢንተርኔት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት መስመራችሁን ሲያስገባ የሞላው የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ሁሉ ይጠፋል። ያንን በወረቀት ካልያዛችሁ ቴክኒሻን እስኪመጣ ቁጭ ነው። ማጥፋትና ማብራት ከፈለጋችሁ ከሶኬቱ ንቀሉ። እሱንም ቢሆን እስከ ደረጃ 6 ያለውን ፈትናችሁ ውጤቱን ከጻፋችሁ በኋላ አድርጉት። ሪስታርት ማስረጃውን ይዞ ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ፣ ኔቱ ደህና ሳለ አድርጉ። የደረጃ 5ንና የደረጃ 6ን ፈተና ሠርታችሁ ቁጥሮቹን መዝግቡ። ችግር ሲመጣ «80 ሚሊሰከንድ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እናንተ መስመር ላይ በደህና ቀን የነበረው ቁጥር ውስጥ ነው።

## ደረጃ 1፦ የጠፋው ማን ጋ ነው?

ምንም ትዕዛዝ ሳትጽፉ ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. ቤቱ ውስጥ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በዚሁ ዋይፋይ ይሠራል? ከሠራ ራውተሩንና መስመሩን ተዉት። ችግሩ የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው። ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።
2. ሁሉም ጋ ጠፍቷል? እንግዲያው ችግሩ ራውተሩ ወይም ውጪው መስመር ነው። ወደ ደረጃ 2 ሂዱ።
3. አንድ ዌብሳይት ወይም አንድ አፕ ብቻ ነው እምቢ ያለው? ስልኩን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። በዳታም ካልከፈተ ብልሽቱ የዌብሳይቱ የራሱ ሊሆን ይችላል። እናንተ የምታስተካክሉት ነገር ላይኖር ስለሚችል ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙ።

ይህን የሚዘሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የአንድ ላፕቶፕን ችግር ለማስተካከል የሙሉ ቢሮውን ራውተር የሚነቅሉትም እነሱ ናቸው።

## ደረጃ 2፦ መብራቶቹንና ገመዶቹን አንብቡ

ፋይበር የገባበት ቤት ውስጥ ቀጭኑ የፋይበር ገመድ የሚሰካበት ዕቃ ኦኤንቲ ይባላል። ብዙ ጊዜ ራውተሩም ሞደሙም እሱው ነው። ሁለት መብራት ፈልጉ።

- «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሎ በርቷል። የፋይበር መስመሩ ከድርጅቱ ዕቃ ጋር ተገናኝቷል። ቀጥሉ።
- «ፖን» ብልጭ ድርግም ይላል። ለመገናኘት እየሞከረ ነው። ከተበራ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት። ካልቆመ መስመሩ ችግር አለበት።
- «ሎስ» የሚለው ቀይ በርቷል ወይም ይብለጨለጫል። ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ብታደርጉ አይመለስም።

ቀይ ካያችሁ ቀጭኑን ገመድ ከመሰኪያው እስከ ግድግዳው ተከተሉት። በር ቆንጥጦታል? ሶፋ ተጭኖታል? በጣም ተጣጥፏል? የፋይበር ገመድ ውስጡ ብርጭቆ ነው። ሹል እጥፋት ብርሃኑን ያፈሰዋል። እጥፋቱን በቀስታ ፍቱት፣ መሰኪያው ጥብቅ ብሎ መግባቱን አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተነቀለ የፋይበር ጫፍ ውስጥ በዓይናችሁ አትመልከቱ። ጨረሩ ለዓይን አይታይም፣ ግን ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ጫፉን በልብስ አትጥረጉ፣ በጣትም አትንኩ። ትንሽ አቧራ ብርሃኑን ያዳክመዋል።

የኔትወርክ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ሲሰካ ትንሽ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት፣ ከዚያ በምታምኑት ኬብል ቀይሩት። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦ አለ። አንዱ ሲበጠስ መስመሩ ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ሊወርድና «ይሠራል ግን ቀርፋፋ ነው» ያሰኛል። ርዝመቱ ደግሞ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ኔት የማይመለስላችሁ ከሆነና ሞደሙና ራውተሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ከሆኑ፣ ሁለቱንም ንቀሉ። ሞደሙን ብቻ ሰኩና «ፖን» ቀጥ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ራውተሩን ሰኩ። አብረው ሲነሱ ራውተሩ ሞደሙ ሳይደርስለት ይነሳና ባዶ እጁን ይቀራል።

## ደረጃ 3፦ ኮምፒውተራችሁ አድራሻ አግኝቷል?

ጥቁሩ መስኮት ላይ «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ፦ አይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ። ብዙ መስመር ይወጣል። የምትፈልጉት የምትጠቀሙበትን፣ ማለትም የዋይፋዩን ወይም የኤተርኔቱን ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ የአይፒቪ4 አድራሻውንና ዲፎልት ጌትዌዩን ጻፉ። ጌትዌይ ማለት የራውተራችሁ አድራሻ ነው።

አሁን አንብቡት።

በ192.168፣ በ10 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ይጀምራል፣ ጌትዌይም አለው። ጥሩ ነው። ወደ ደረጃ 4።

«ሚዲያ ዲስኮኔክትድ» ይላል። ኬብሉ አልተሰካም ወይም ዋይፋዩ አልተያያዘም። ኤርፕሌን ሞድ አለመብራቱን እዩ። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

በ169.254 ይጀምራል። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ኮምፒውተሩ «አድራሻ ስጠኝ» ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው። ዋይፋዩ «ኮኔክትድ» ቢልም ከራውተሩ ጋር አልተግባባም። እንዲህ አድርጉ፦

1. አይፒኮንፊግ ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ስላሽ (/) እና «ሪሊስ» ጻፉ፦ አር፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኢ።
2. ቀጥሎ አይፒኮንፊግ፣ ክፍተት፣ ስላሽና «ሪኒው»፦ አር፣ ኢ፣ ኤን፣ ኢ፣ ደብሊው።
3. አድራሻው ካልተቀየረ የዋይፋዩን ስም «ፎርጌት» ብላችሁ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገቡ።
4. አሁንም ካልሆነ በኬብል ሞክሩ። በኬብል ከመጣ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። በኬብልም ካልመጣ ራውተሩ አድራሻ ማደል አቁሟል። ውጤቱን ጻፉና ራውተሩን ነቅላችሁ ሰኩ።

ብዙ እንግዳ የሚስተናገድበት ካፌ ወይም ቢሮ ከሆነ አድራሻው አልቆም ሊሆን ይችላል። ራውተሩ የሚያድለው ቁጥር የተወሰነ ነው። ስቲከሩ ላይ ያለውን የመግቢያ አድራሻ ብራውዘር ላይ ጽፋችሁ የራውተሩ ገጽ ውስጥ ግቡ። ዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያው) የሚለው ክፍል ውስጥ የቁጥሮቹን ስፋት ጨምሩ ወይም የኪራይ ጊዜውን፣ ማለትም አንድ ዕቃ አድራሻውን ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሩ።

አድራሻ አለው፣ ጌትዌዩ ግን ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አድራሻውን በእጅ ሞልቶታል ማለት ነው። ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ቢሮ ከሆነ ግን ሆን ተብሎ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ሰው ሳትጠይቁ አትንኩት።

### ሁለት ራውተር ያለበት ቢሮ

ለዚህ ራሱን የቻለ ቦታ የሰጠሁት ትንንሽ ቢሮዎችን በጣም የሚያሰቃይ ስለሆነ ነው። ዋይፋይ አልደርስ ሲል ሰው ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ከመጀመሪያው ጋር በኬብል ያገናኛል። ከዚያ ግማሹ ሠራተኛ ኔት አለው፣ ግማሹ የለውም። ፕሪንተሩም ለአንዱ ይታያል፣ ለሌላው አይታይም። ነገ ደግሞ ይገለበጣል።

ማወቂያው ቀላል ነው። በሚሠራውና በማይሠራው ኮምፒውተር ላይ አይፒኮንፊግ ጻፉና ጌትዌያቸውን አነጻጽሩ። አንዱ 192.168.1.1፣ ሌላው 192.168.0.1 ካለ ሁለት ራውተሮች እኩል አድራሻ እያደሉ ነው። ኮምፒውተሩ ቀድሞ የመለሰለትን ይከተላል።

መፍትሔው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛውን ራውተር ከኔትወርኩ ንቀሉት። በኬብል ከላፕቶፕ ጋር ብቻ አገናኙትና ገጹ ውስጥ ግቡ። አድራሻውን ከመጀመሪያው ጋር ወደሚዛመድ ግን ወደተለየ ቁጥር ቀይሩ። የመጀመሪያው 192.168.1.1 ከሆነ ሁለተኛው 192.168.1.2 ይሁን። ገጹ ሲጠፋባችሁ አትደንግጡ፣ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡ። ዲኤችሲፒውን አጥፉና ሴቭ አድርጉ። በመጨረሻ ከመጀመሪያው የሚመጣውን ኬብል «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ሳይሆን «ላን» ከሚለው ላይ ሰኩ። የመጀመሪያው ራውተር አድራሻ ማደያ ውስጥ 192.168.1.2 ለሌላ ዕቃ እንዳይሰጥ ከዝርዝሩ አስወጡት።

## ደረጃ 4፦ ኮምፒውተሩ ራሱን ያውቃል?

ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱን የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው። «ፒንግ» ጻፉ፦ ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ። ክፍተት ትታችሁ 127.0.0.1 አስከትሉ። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። አራት መልስ ካገኛችሁ እለፉ።

«ጄኔራል ፌለር» ካለ የዊንዶውስ የኔትወርክ ሶፍትዌር ተበላሽቷል፣ ወይም አንቲቫይረስ ወይም ቪፒኤን ዘግቶታል። መጀመሪያ ቪፒኤኑንና ከዊንዶውስ ውጭ የተጫነውን አንቲቫይረስ ለጊዜው አጥፍታችሁ ድገሙ። ካልሆነ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ኔትወርክ የሚለው ክፍል ታችኛው ጫፍ ላይ (ዊንዶውስ 11 ላይ እዚያው «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ) «ኔትወርክ ሪሴት» አለ። እሱን ተጫኑ። ይህ የኮምፒውተሩን እንጂ የራውተሩን አይነካም። ግን የተቀመጡ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎች ስለሚጠፉ አስቀድማችሁ ጻፏቸው።

## ደረጃ 5፦ ራውተሩ ይመልሳል?

ደረጃ 3 ላይ የጻፋችሁትን ጌትዌይ ፒንግ አድርጉ። ለምሳሌ ፒንግ 192.168.1.1። ዊንዶውስ አራት ጊዜ ልኮ ያቆማል። ማክና ሊኑክስ ግን እስክታስቆሙት ይቀጥላሉ፤ ለማስቆም ኮንትሮል ይዛችሁ «ሲ» ተጫኑ።

- አራቱም ተመለሱ፣ ጊዜውም ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ደህና ነው። ወደ ደረጃ 6።
- «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» አለ። ኮምፒውተሩ ራውተሩን ሊያገኘው አልቻለም። መልሱን የሰጠው አድራሻ የራሳችሁ እንደሆነ ልብ በሉ። ማጠቃለያው «ሎስ ዜሮ»፣ ማለትም «ምንም አልጠፋም» ቢል እንኳ ይህ ውድቀት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የመጨረሻውን መስመር ብቻ አትመልከቱ፣ እያንዳንዱን መልስ አንብቡ።
- «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ሁሌም አለ። አንዳንድ ራውተር ፒንግ እንዳይመልስ ይደረጋል። ደረጃ 6ን ሞክሩ። እሱ ካለፈ ራውተሩ ደህና ነው። እሱም ከወደቀ ችግሩ እዚህ ነው።
- አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ይጠፋል፣ ወይም ጊዜው ከ2 ወደ 300 ይዘላል። ዋይፋዩ ደካማ ነው።

ለመጨረሻው ጉዳይ ድርጅቱ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ላፕቶፑን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙና ድገሙ። ተስተካከለ? እንግዲያው ርቀትና ግድግዳ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ግንብ አይወድም። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ራውተር ሁሉ እዚያው ላይ ይጋፋል። 2.4 ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን አድርጉ። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይደራረቡም። አጠገቡ ቆማችሁም ካልተስተካከለ በኬብል ሞክሩ። በኬብልም የሚጠፋ ከሆነ ራውተሩ ራሱ ታሟል።

## ደረጃ 6፦ ከቤት ውጭ ይወጣል?

ፒንግ 8.8.8.8 ጻፉ። ቀጥሎ ፒንግ 1.1.1.1። የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር አድራሻ ነው። ሁለት የምታደርጉት አንዱ በራሱ ምክንያት ዝም ቢል እንዳትሳሳቱ ነው።

ከተመለሱ ኢንተርኔት አላችሁ። ዌብሳይት ካልተከፈተ ምክንያቱ ደረጃ 7 ወይም 8 ውስጥ ነው።

ራውተሩ እየመለሰ እነዚህ ሁለቱ ካልመለሱ፦

1. ክፍያውን ወይም ጥቅሉን አረጋግጡ። ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ ቀሪ ዳታ ይኑረው አይኑረው እዩ። ቀላል ስለሆነ ይረሳል።
2. የሆቴል፣ የካፌ ወይም የትምህርት ቤት ዋይፋይ ከሆነ ብራውዘር ክፈቱ። የመግቢያ ገጽ እየጠበቃችሁ ሊሆን ይችላል።
3. ብራውዘሩ የአድራሻ ቦታ ላይ 1.1.1.1 ጻፉ። ገጽ ከተከፈተ ኔት አለ፣ የተዘጋው ፒንግ ብቻ ነው። ብዙ ቢሮዎች እንዲህ ያደርጋሉ።
4. ራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ «ዋን» ወይም «ስታተስ» የሚለውን እዩ። አድራሻው 0.0.0.0 ወይም ባዶ ከሆነ ራውተሩ ከድርጅቱ ጋር አልተገናኘም። አሁን ነቅላችሁ ሰኩ። ከተነሳ በኋላም ባዶ ከሆነ ወደ ደረጃ 10 ሂዱ። እናንተ የምትሠሩት አብቅቷል።

## ደረጃ 7፦ ስሙን ወደ ቁጥር ይቀይራል?

8.8.8.8 እየመለሰ ዌብሳይት በስሙ የማይከፈት ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲኤንኤስ ነው። ኮምፒውተር የሚሄደው በቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ሰርቨር ዝም ሲል መንገዱ ክፍት ሆኖ አድራሻው ይጠፋበታል።

«ኤንኤስሉክአፕ» ጻፉ፦ ኤን፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኦ፣ ኦ፣ ኬ፣ ዩ፣ ፒ። ክፍተት ትታችሁ የማይከፈተውን ዌብሳይት ስም አስከትሉ። ውጤቱን ጻፉ። ከዚያ ያንኑ ትዕዛዝ ድገሙና መጨረሻው ላይ ክፍተት ትታችሁ 8.8.8.8 ጨምሩበት። አሁን የጠየቃችሁት የራሳችሁን ሰርቨር ሳይሆን የጉግልን ነው።

- የመጀመሪያው ወደቀ፣ ሁለተኛው አለፈ። የምትጠቀሙት ዲኤንኤስ ተበላሽቷል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ከዚያ የዋይፋዩን ወይም የኤተርኔቱን ዝርዝር ክፈቱ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ዲኤንኤስ ሰርቨር አሳይንመንት» የሚለውን ወደ ማኑዋል ቀይራችሁ አይፒቪ4ን አብሩ። 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ሙሉ።
- ሁለቱም አለፉ፣ ብራውዘሩ ግን አይከፍትም። አይፒኮንፊግ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ «ፍለሽዲኤንኤስ» ጻፉ፦ ኤፍ፣ ኤል፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኤች፣ ዲ፣ ኤን፣ ኤስ። ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን አሮጌ መልስ ይጥላል። ካልሆነ ደረጃ 8።
- ሁለቱም ወደቁ። ስሙን በትክክል መጻፋችሁን እዩ። ከዚያ በሌላ የታወቀ ስም ሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ዲኤንኤስ አትቀይሩ። የውስጥ ሰርቨሩና የጋራ ፎልደሩ የሚገኙት በቢሮው ዲኤንኤስ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔቱን አገኛችሁ ብላችሁ ሥራውን ታጣላችሁ።

## ደረጃ 8፦ ሁሉም አልፎ ብራውዘር ብቻ እምቢ ካለ

ቀኑን እዩ። ዌብሳይቶች ደኅንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ከተሳሳተ «ኮኔክሽኑ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሁሉንም ይዘጋል። እኛ ጋ ሁለት ምክንያት ይበዛል። አንደኛው የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ማለቁ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ሁለተኛው አንድ ሰው ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላቱ ነው፤ ያ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። ሰዓቱ አውቶማቲክ ይሁን። ቀጠናውን ናይሮቢ የሚለውን፣ ማለትም ሦስት ሰዓት የሚጨምረውን ምረጡ። ከእኛ ጋር እኩል ነው።

ፕሮክሲ፣ ማለትም ኔቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞረውን ሴቲንግ እዩ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ፕሮክሲ። የማታውቁት አድራሻ ተሞልቶ ከሆነ አጥፉት። ነፃ ቪፒኤን አውርዳችሁ ከሰረዛችሁ በኋላ ኔት ከጠፋ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ።

ትንሹ ገጽ እየከፈተ ትልቁ ግማሽ ላይ የሚቆም ከሆነ የፓኬት፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበትን ቁራጭ መጠን ፈትኑ። ፒንግ፣ ጭረት ኤፍ፣ ጭረት ኤል፣ 1472፣ 1.1.1.1 ብላችሁ በየመካከሉ ክፍተት ትታችሁ ጻፉ። «ፍራግመንት» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ከመጣ ቁጥሩን ወደ 1464 አውርዳችሁ ድገሙ። በዚህ ካለፈ 28 ደምሩበት፤ 1492 ይሆናል። ራውተሩ ገጽ ላይ «ኤምቲዩ» የሚለውን በዚህ ቁጥር ሙሉ። የነበረውን ቁጥር ግን አስቀድማችሁ ጻፉ።

## ደረጃ 9፦ የሚመጣና የሚሄድ ኔት

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ቴክኒሻኑ ሲመጣ ይሠራል፣ ሲሄድ ይጠፋል። የሚይዘው አንድ ፈተና አለ።

ሁለት ጥቁር መስኮት ጎን ለጎን ክፈቱ። በአንዱ ጌትዌዩን፣ በሌላው 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉ። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ክፍተት፣ ጭረትና «ቲ» ጨምሩ። እስክታስቆሙት ይቀጥላል። ሥራችሁን እየሠራችሁ ተዉት። ኔት ሲጠፋ ወዲያው ሁለቱን ተመልከቱ።

- ሁለቱም ቆሙ። ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፦ ዋይፋይ፣ ኬብል ወይም ራውተር።
- ጌትዌዩ ይመልሳል፣ 8.8.8.8 ቆሟል። የውጪው መስመር ነው። ሰዓቱን ጻፉ።
- ጌትዌዩ ደህና ነው፣ 8.8.8.8 ይመልሳል ግን ጊዜው በብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ይዘላል። መስመሩ ሞልቷል። የአንድ ሰው ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫነ ወይም ዊንዶውስ አፕዴት እየወረደ ይሆናል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከዋይፋይ አውጡ። አንዱ ሲወጣ ቁጥሩ ከወረደ አገኛችሁት።

ውጭ የት ጋ እንደሚቆም ለማየት ትሬስ ራውት አለ። ቲ፣ አር፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ክፍተት፣ ጭረት ዲ፣ ክፍተት፣ 8.8.8.8 ጻፉ። ማክ ላይ ስሙ ሳያጥር «ትሬስራውት» ተብሎ በሙሉ ይጻፋል፣ በጭረት ዲ ፈንታም ጭረት ኤን ነው። ዊንዶውስ ላይ እስከ 30 ማቆሚያ (በመንገዱ ላይ ያለ ራውተር) ድረስ በየቦታው ሦስት ጊዜ እየሞከረ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው መስመር ራውተራችሁ ነው።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው በኮከብ ምልክቶቹ ነው። መሐል ላይ ኮከብ ወጥቶ ከእሱ በታች ያሉት ከመለሱ ምንም ብልሽት የለም፤ ያ ማቆሚያ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም ብሎ ነው። የሚያሳስበው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ኮከብ ብቻ ሲሆን ነው። በአንድ መስመር ላይ ሚሊሰከንዱ በድንገት መጨመሩም ብቻውን ብልሽት አይደለም። የባሕር በር ስለሌለን መረጃው በየብስ ፋይበር በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ በባሕር ሥር ኬብል ይሄዳል። ለእያንዳንዱ 1000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ይህን ራውተር በመቀየር ማሳጠር አይቻልም።

ፍጥነት ስትለኩ በኬብል ሆናችሁ፣ ሌላው ሰው ሳይጠቀም ለኩ። ውሉ የሚናገረው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ የሚታየው ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው፤ ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። የ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት በላይ አይሰጥም።

## ደረጃ 10፦ ደውሉ፣ ግን ውጤቱን ይዛችሁ

ፈተናው ከራውተራችሁ ውጭ ከወደቀ ድርጅቱን ጥሩ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። ከመደወላችሁ በፊት የአገልግሎት ቁጥራችሁን፣ የ«ፖን»ና የ«ሎስ»ን ቀለም፣ የጠፋበትን ሰዓት አጠገባችሁ አድርጉ። ስልኩ ሲነሳ «ኔት የለም» ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «በኬብል ፈትኜ ጌትዌዩ ይመልሳል፣ 8.8.8.8 ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አይመልስም። ፖን አረንጓዴ ነው፣ የዋን አድራሻው ባዶ ነው።» ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ ካሏችሁ እያናገሯችሁ አድርጉት፤ አድርጌዋለሁ ብሎ መከራከር ጊዜ ይበላል። የጥቆማውን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ።

ቴክኒሻኑ ሲመጣ ወረቀቱንና የፒንጉን ፎቶ አሳዩት። ሠርቶ ሲጨርስ፣ ዕቃውን ሳይሰበስብ፣ በኬብል ሆናችሁ ጌትዌዩንና 8.8.8.8ን በጭረት ቲ ለአምስት ደቂቃ አስኪዱ። በኮንትሮልና «ሲ» አስቁሙና ማጠቃለያውን አብራችሁ አንብቡ። የጠፋ ፓኬት ካለ እሱ እዚያው እያለ ንገሩት።